ቀይ ቀለበት ያላቸው ዶሮዎች

ጥር 5 ቀን 1978፣ ሰኞ

ይህን ደብተር ልጄ ማሪቱ ከዕብራይስጥ ትምህርት ቤቷ ያመጣችልኝ የእነሱን ፊደል እንድለማመድበት ብላ ነው። እኔ የምጽፍበት ግን በራሴ ፊደል ነው። እሱንም ያገኘሁት በሃምሳ ሁለት ዓመቴ፣ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ፣ ልጅ በሚሆነኝ አስተማሪ ፊት መሬት ላይ ተቀምጬ ነው። ሌላ ፊደል ለመጀመር ዕድሜም ትዕግሥትም የለኝም።

ከኅዳር ጀምሮ ጠዋት ጠዋት፣ እዚህ እስራኤል ከምንኖርባት ከቂርያት ማላኪ ወደ ገዴራ በአውቶቡስ እሄዳለሁ። ከከተማው ወዲያ ባለው የገበሬዎች መንደር ሰዓድያ የሚባል የየመን ሰው ትልቅ የዶሮ ቤት አለው። እኔና ታፈሰች እንቁላል እንለቅማለን፣ ጫጩት እንይዛለን፣ ኩስ እንጠርጋለን። ታፈሰች እዚያው ገዴራ ትኖራለች፤ ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው። ዕብራይስጡን ቶሎ ስለያዘች የምታስተረጉምልኝ እሷ ናት። ሰዓድያ አሥር ቃል ሲናገር ለእኔ ሦስት ይደርሰኛል። ሰባቱ የት እንደሚቀር አላውቅም።

ዛሬ ብሩሪያ የምትባል የእንስሳት ሐኪም መጣች። እግራቸው ላይ ቀይ ቀለበት ያለባቸው ስልሳ ዶሮዎች ይዛ ነው። ለብቻቸው ይቀመጣሉ፣ እንቁላላቸው አይሸጥም፣ አይበላም አለች። ለምን እንደማይበላ ግን አልተናገረችም። ወደ እኔ ዞራ ሳቀች። ያለ ምክንያት የሚስቅ ሰው አላምንም።

ጥር 8፣ ሐሙስ

ታፈሰች ቆራርጣ ከነገረችኝ ላይ ገጣጥሜ ነገሩ ገባኝ። በአጎራባቹ መንደር ፈንግል ገብቷል። በእነሱ ቋንቋ ስሙ ሌላ ነው፤ ሐኪሟ ምልክቱን ስትዘረዝር ግን አወቅሁት። አንገት ይጠመዘዛል፣ ኩሱ አረንጓዴ ይሆናል፣ በሦስተኛው ቀን ቤቱ ባዶ ነው። አገር ቤት ዝናብ ሊገባ ሲል መንደር ሲጠርግ አይቻለሁ።

ቀለበት ያላቸው ዶሮዎች ለዚህ በሽታ ደጋግመው ተከትበዋል። ሰውነታቸው በሽታውን የሚመክት ነገር ሠርቷል፤ ያ ነገር ወደ አስኳላቸው ይወርዳል። እኛ አስኳሉን እንለያለን፣ ሐኪሟ ወስዳ አጣርታ ታመጣዋለች፣ ጫጩቶቹ ይወጉታል።

እንቁላሉን አጥባለሁ፣ እሰብራለሁ፣ ነጩን አፈስሳለሁ። አስኳሉን ወረቀት ላይ አንከባልዬ አደርቀዋለሁ። ከዚያ ሽፋኑን በመርፌ ወጋ አድርጌ ቢጫውን ብቻ በጠርሙስ እቀበላለሁ። ደም ያለበትን እጥላለሁ፤ እሱን ማንም ሊያዘኝ አያስፈልግም። ሐኪሟ እጄን ይዛ አየችውና ለሰዓድያ አንድ ነገር አለችው። ጎበዝ እጅ ነው አለች ብላ ታፈሰች ነገረችኝ። ሠላሳ ዓመት ሸክላ የሠራ እጅ ነው። አገር ቤት ቡዳ ያሰኘኝ ይኸው እጅ ነበር። ስለዚህ እዚህ ሲመሰገን ከጀርባው ምን አለ እላለሁ።

ጥር 13፣ ማክሰኞ

የሕፃናት ክሊኒኩ ነርስ ቤት ድረስ መጣች። የልጅ ልጄ አምባው ዘጠኝ ወሩ ነው። ወረቀታቸው ላይ ኤልዳድ ብለው ጽፈውታል፤ እኔ በዚያ ስም ጠርቼው አላውቅም። አንድ መርፌ አምልጦታል አለች። ያመለጠው ባለፈው ወር ማሪቱ ውሰጂው ብላኝ ዝናብ ነው ብዬ ስለቀረሁ ነው። ዝናብ ነበር። ትንሽ።

ማሪቱ የመጀመሪያ ልጇን ካሰችን ሱዳን መጠለያ ውስጥ ቀብራለች። ሁለት ዓመቷ ነበር። ሰዎች ድንኳን ለድንኳን እየዞሩ መርፌ ወጉ፤ በሦስተኛው ቀን ልጅቷ ሞተች። ያቀፍኳት እኔ ነኝ፤ ክንዷን ገልጬ የሰጠሁት እኔ ነኝ። ማሪቱ፣ ልጅቷ የሞተችው በኩፍኝ ነው ትላለች። እኔ ያየሁትን አየሁ።

ነርሷ ስትሄድ የማሪቱ ባል ቢረሳው ዓይኑን ወደ መሬት ጥሎ «እማማ፣ እነዚህ ሰዎች ሊገድሉን አይደለም ያመጡን» አለኝ። እሱ ፋብሪካ ከገባ ወዲህ ሁሉን ያምናል። ቤሰደር፣ ቤሰደር፣ እሺ፣ እሺ ሲል ይውላል።

ማታ ለአምባው አስኳል ለብ ባለ ወተት በጥብጬ በማንኪያ ሰጠሁት። ወደደው። ከየት እንደመጣ ደብተሩ አይጠይቀኝም።

ጥር 19፣ ሰኞ

ሰዓድያ የቀለበቶቹ እንቁላል ይጎድላል አለ። በየቀኑ አንድ ወይም ሁለት። እዚያ የምንገባው እኔና ታፈሰች ብቻ ነን። ስታስተረጉምልኝ ዓይን ዓይኔን ታየኝ ነበር። ምን ፈልጋ ነው?

የምትይዘው ቦርሳ ትልቅ ነው። እንዲህ ያለ ቦርሳ ለምሳ አይያዝም። ለሰዓድያ ምንም አላልኩትም። አንድ ጊዜ ቦርሳዋን አየሁ እንጂ። እሱም ዓይኔን ተከትሎ አየው። ይህ የእኔ ጥፋት አይደለም፤ ሰው ዓይኑን የት ያድርገው?

ጥር 22፣ ሐሙስ

በጎረቤት ዶሮ ቤት አራት ሺህ ጫጩት አለቀ። ጉድጓድ ቆፍረው ኖራ ነሰነሱበት። ሽታው እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው ይመጣል።

የእኛዎቹ ቆመዋል። ይበላሉ፣ ይጣላሉ።

አምባውም ጉንጩ ሞልቷል። ነርሷ ስንት ነገር አታውቅም።

ጥር 25፣ እሑድ

ያቭነ ከተማ፣ አበዛሽ ቤት መርዶ ገባ። ወንድሟ በሱዳን መንገድ ላይ ማለፉ ከአንድ ዓመት በኋላ ተሰማ። የሥጋ ዘመዴ ናት፤ ሳልደርስ ብቀር በኋላ ሰው ዓይን አልገባም። ማሪቱ ልጁን ሰው ወደሚበዛበት አታውጪው ብላኛለች። ከሰዓት በኋላ እሷ ትምህርት ላይ፣ ቢረሳው ፋብሪካ ናቸው። ማን ጋ ልተወው? አዝዬው ሄድኩ፤ ሳይመጡ ተመለስኩ። ደግሞም ሁለት ሳምንት አስኳል የጠጣ ልጅ ነው፣ ምን ይነካዋል?

ታፈሰችም ነበረች። የአበዛሽ ባል ዘመድ ናት። ጥግ ተቀምጣ እኔንና ልጁን ታያለች። የትም ብሄድ ይህች ሴት አለች።

የአበዛሽ ትንሹ ልጅ አምባውን ከጀርባዬ ተቀብሎ አቅፎ ሲያጫውተው ዋለ። ዓይኑ ቀልቷል፣ አፍንጫው ይፈሳል። ለቅሶ ቤት ውስጥ የማን ዓይን አይቀላም?

ለማሪቱ አልነገርኳትም። የሚነገር ነገር የለም።

ጥር 26፣ ሰኞ

ታፈሰች ተባረረች።

ሰዓድያ ቦርሳዋን አስከፈተ። ሦስት እንቁላል ነበረበት፣ የተሰነጠቀ። ከተራዎቹ ዶሮዎች የተሰነጠቀውን እንድንወስድ የፈቀደልን እሱ ራሱ ነው። ግን እንቁላል ቀለበት የለው፤ የማን እንደሆነ በምን ይለያል? እሷ ከተራዎቹ ነው አለች። እሱ ወደ እኔ ዞሮ በጣቱ አንዴ ወደ ዶሮዎቹ፣ አንዴ ወደ ቦርሳው እየጠቆመ ጠየቀኝ።

«ሎ ሜቪና» አልኩት። አልገባኝም ማለት ነው። ይህን ዕብራይስጥ አሳምሬ አውቀዋለሁ።

«እትዬ፣ ይንገሩት እንጂ» አለችኝ ታፈሰች።

«የምነግረው ምን አለኝ?» አልኳት።

ሽርጧን ፈትታ፣ አጣጥፋ፣ እንቁላሎቹ አጠገብ አኖረችው። አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

ጥር 27፣ ማክሰኞ

ከሥራ ስወጣ አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። ልትሰድበኝ ነው ብዬ ነጠላዬን ጠበቅ አደረግሁ።

«እትዬ የሻሽወርቅ» አለች፣ «የአበዛሽ ልጅ ዛሬ ጠዋት ኩፍኝ ወጣበት። አምባውን አቅፎት ነበር። ለማሪቱ ይንገሯት።»

«አንቺን ስለ እኔ ልጅ ምን አገባሽ?»

«ልጁ ምን አደረገኝ?» አለችና መንገዱን ተሻግራ ሄደች።

ከሥራ የወጣ ሰው ብዙ ያወራል። እኔ ያቭነ መሄዴን ለማሪቱ ለማሳበቅ መንገድ እየፈለገች ነው። ማስፈራራቷ ነው። ኩፍኝ ከሆነ አበዛሽ ራሷ አትልክብኝም?

አበዛሽ እንኳ አትልክም። በእናቴም ቤት ኩፍኝ ሲገባ በር ይዘጋል እንጂ ስሙ አይጠራም ነበር።

የሆነ ሆኖ ልጁ አስኳል ጠጥቷል። ዛሬ ሁለት ሰጠሁት።

ጥር 28፣ ረቡዕ

እንቅልፍ አልወሰደኝም። ጠዋት ሐኪሟ ስትመጣ ሰዓድያ እስኪወጣ ጠበቅሁ። ታፈሰች የለችም፤ ቋንቋዬን ያባረርኩት እኔ ነኝ። የለም፣ ያባረረው ሰዓድያ ነው።

ቲኖክ አልኳት፤ ሕፃን ማለት ነው። ሌላ ልጅ ብዬ ፊቴን በጣቴ ጫፍ ነጠብጣብ፣ ነጠብጣብ አደረግሁላት፤ እሱ ሕፃኑን ማቀፉን ክንዴን አጥፌ አሳየኋት። ገባት። ከዚያ ከቀለበቶቹ እንቁላል አንዱን አንስቼ ወደ አፌ አሳየኋት። ይበጃል? እንቁላሉን አየች፣ እኔን አየች። ስንት እንቁላል እንደጎደለ ያን ጊዜ የገባት ይመስለኛል። አልጮኸችም። ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠች። ይህ ከጩኸት ይልቅ አስፈራኝ።

ወረቀት አውጥታ ሆድ ሳለች፤ አስኳሉን ከአፍ ወደ ሆድ አወረደችና በእርሳስ ሰረዘችው። ሆድ ይፈጨዋል፣ እንደ ማንኛውም ምግብ። ቀጥላ የጫጩት አንገት በእጇ ጠምዘዝ አድርጋ አሳየችኝ። ይህ አስኳል ፈንግልን ብቻ ነው የሚያውቀው። ኩፍኝን አያውቅም።

ሁለት ሳምንት።

ደግሞ ሌላ ሳለች። ክንድ፣ ከክንዱ ጠርሙስ፣ ከጠርሙሱ መርፌ፣ ከመርፌው ሕፃን። «ዳም» አለች። እነሱም ደምን ዳም ይሉታል። በሽታውን ካለፉ ሰዎች ደም ውስጥ የሚመክተውን ለይተው ለሕፃን ይሰጣሉ። ቀለበት ያላቸው ሰዎች ማለት ነው። መቼ? አለችኝ። ሪሾን አልኩ፣ እሑድ። ጣቷን እያጠፈች ስድስት ቆጠረች፤ ስድስተኛው ሰንበት ላይ ወደቀ። ሰንበት ክሊኒኩ ዝግ ነው። ዓርብ እስከ ቀትር አለች። በሽታው ከወጣ በኋላ ምንም አይረዳም።

ወረቀት ጽፋ አጥፋ ሰጠችኝ። «ክሊኒክ» አለች።

ምን እንደጻፈች በምን አውቃለሁ? ይህች አሮጊት እንቁላል ሰርቃለች ብላ ጽፋ እንደሆነስ? የራሴን ክስ በራሴ እጅ ልወስድላቸው ነው?

ጥር 29፣ ሐሙስ

ወረቀቱ ደረቴ ውስጥ ነው። ብሰጣት ማሪቱ ታነበው ነበር። ካነበበች ያቭነ መውሰዴን ታውቃለች።

አምባው ይስቃል። ግንባሩ ቀዝቃዛ ነው። አሥር ጊዜ ዳሰስኩት።

ደግሞ ደም። እኛ የዶሮ ደም እንኳ አፈር የምናለብስ ሰዎች ነን። ባለፈው መስከረም የዚህ አገር የሃይማኖት አለቆች አይሁድነታችሁ ያጠራጥራል፣ ለመንጻት ውሃ ግቡ ሲሉን ሽማግሌዎቻችን እምቢ ብለው ኢየሩሳሌም ሜዳ ላይ ተኝተው ሰነበቱ። ያን ጊዜ የእኛ ደም አጠራጠራቸው። አሁን የማን እንደሆነ የማላውቀውን ደም ለልጁ ልቀበል? ቄሳችንን ልጠይቅ እንዳልል ሩቅ፣ አሽቀሎን ከተማ ናቸው።

ቀትር ላይ ጫጩቶቹን ውሃ ሳጠጣ አንድ ነገር አሰብኩ። ቀለበት ያላቸው ዶሮዎች የእነዚህ ጫጩቶች እናት አይደሉም። አንዱንም አልፈለፈሉም። ጫጩቶቹ ግን ቆመዋል።

ያን መርፌ የተወጋች ቀን ጠዋት ካሰች ሰውነቷ ትኩስ ነበር። ፀሐይ ነው አልኩ። የታመመውን ከእናቱ ለይተው ወደ ሌላ ድንኳን ይወስዳሉ ተብሎ ይወራ ነበር። ሰዎቹ ደህና ናት ወይ ሲሉኝ ደህና ናት አልኳቸው።

ይህን ለምን እንደጻፍኩ አላውቅም። ከኩፍኙ ጋር አይገናኝም።

ጥር 30፣ ዓርብ

ሰንበት ሳይገባ ልጻፍ።

ጠዋት ሥራ አልሄድኩም። ማሪቱ ልጁን ስታጥብ አጠገቧ ቆምኩ። አመመሽ? አለችኝ። እሑድ ለት ያቭነ ወስጄዋለሁ፣ አበዛሽ ቤት፣ ልጇ ኩፍኝ ነበረበት አልኳት። አንድ ትንፋሽ ውስጥ ነው የተናገርኩት። ወረቀቱን ሰጠኋት።

ልጁን በፎጣ ጠቅልላ እያቀፈች ፊደል በፊደል አነበበችው። ረጅም ጊዜ ፈጀባት። ሕፃኑ እሑድ ኩፍኝ ያለበት ልጅ አቅፎታል፣ እስከ ዓርብ መርፌውን ስጡት፣ ሰንበት ያልፍበታል የሚል ነው። ስለ እንቁላል አንድ ቃል የለበትም። ሁለት ቀን ሙሉ የፈራሁት ወረቀት ይህ ነው።

ማሪቱ ቀና አለች። ትጮህብኛለች ብዬ ጠበቅሁ።

«እማዬ፣ በካሰችም ጊዜ መታመሟን አውቀሽ ነበር?»

«ጫማሽን አድርጊ» አልኳት፣ «ቀትር ላይ ይዘጋል።»

ክሊኒኩ የደረስነው ሊዘጋ ጥቂት ሲቀረው ነው። ነርሷ ወረቀቱን አይታ ስልክ ደወለች፤ መድኃኒቱን ከሌላ ክፍል አስመጣች። ልጁን ልቀበል እጄን ስዘረጋ ማሪቱ ውጭ ጠብቂ አለችኝ። በሩ ተዘጋ። መጮሁን ሰማሁ፤ አንዴ ጮኸ፣ ደግሞ ጮኸ። ኮሪደሩ ላይ ብዙ ሰው ተቀምጧል፤ እኔን የሚያይ ግን አልነበረም።

ሲወጡ ማሪቱ ነርሷ ያለቻትን ነገረችኝ፣ ፊቷን አዙራ። የተሰጠው የተዋሰ ነው። ጥቂት ወር ይቆይና ያልቃል። ከዚያ የራሱን እንዲሠራ ክትባት ያስፈልገዋል። አሁን ሦስት ሳምንት እንጠብቃለን።

አሁን የልጁን አልጋ ከእኔ ክፍል አወጡት።

የካቲት 3፣ ሰኞ

ለሰዓድያ ነገርኩት። የቀለበቶቹን እንቁላል ይዤ ነጠላዬ ውስጥ ከተትኩ፣ ደረቴን መታሁ፣ «አኒ» አልኩት። እኔ። ከዚያ ታፈሰች፣ «ሎ»፣ አይደለችም። ሁለት ቃል ነው የፈጀው። አንድ ሳምንት ሙሉ ሁለት ቃል ከአፌ አልወጣም ነበር።

ራሱን ነቀነቀ። ከቀለበቶቹ ቤት አስወጥቶ ኩስ ጠረጋ ላይ ብቻ አደረገኝ። ሐኪሟ ሰማች፤ ዛሬ አልሳቀችልኝም። መሳቋ ይናፍቀኛል ብዬ አላሰብኩም ነበር።

ከሥራ በኋላ ታፈሰች ቤት ሄድኩ። በሩ ላይ አቆመችኝ፤ ይግቡ አላለችኝም።

«ከመጀመሪያው ቀን አይቼዎታለሁ» አለችኝ። «በነጠላዎ ጫፍ ነው የሚቋጥሩት።»

«ታዲያ ለምን አልተናገርሽም?»

«እርስዎ ሲናገሩ ልስማ ብዬ።»

ሰዓድያ ተመለሽ ብሎ ልኮባታል፤ ከነገ ጀምሮ ትገባለች። «ሥራውን እሠራለሁ፣ አስተረጉምልዎታለሁም» አለች። «ምሳ ግን ከእርስዎ ጋር አልበላም።» ከዚያ፣ በሩን ልትዘጋ ስትል፣ ልጁ ተወጋ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ተወጋ አልኳት።

የካቲት 10፣ ሰኞ

አሥራ አምስት ቀን። የአበዛሽ ልጅ ድኗል፣ ቆዳው እየተላጠ ነው። ያቭነ ውስጥ ሌሎች ሁለት ልጆች ታመዋል፤ ሁለቱም ያን ቀን ለቅሶ ቤት ነበሩ። አንዷ ሆስፒታል ገብታለች ይላሉ።

አምባው ምንም የለውም። በር ላይ ቆሜ አያለሁ። ማሪቱ እኔ እያየሁ ክንዱን፣ ሆዱን፣ ከጆሮው ኋላ ትገልጣለች።

ታፈሰች አሁን ሰዓድያ አሥር ቃል ሲናገር አሥሩንም ትነግረኛለች። ሆን ብላ ነው። አብዛኛው ስለ ኩስ ነው።

የካቲት 18፣ ማክሰኞ

ሃያ ሦስት ቀን ሆነ። ነርሷ ትናንት አይታው አደጋው አለፈ አለች። አንድ ነጠብጣብም አልወጣበትም።

ዛሬ ከሰዓት በኋላ ማሪቱ ትምህርት ቤት ልትሄድ ስትል ልጁን አምጥታ ጭኔ ላይ አስቀመጠችው። እስካሁን ጎረቤት ዘንድ ትተወው ነበር። በፊት ማስጠንቀቂያ ትደረድርብኝ ነበር፣ ዛሬ አልደረደረችም። አንድ ነገር ብቻ አለችኝ፤ የምታዪውን ንገሪኝ።

ሲተኛ አቅፌው ቆየሁ። ሲነቃ ሰውነቱ ሞቅ ያለ መሰለኝ። ትኩሳት አይባልም። ጥርሱ እየወጣ ነው፣ ድዱ አብጧል፣ ብርድ ልብሱም ወፍራም ነው። ማታ ማሪቱ ስትገባ ቀዝቅዞ፣ እየተጫወተ ነበር። ሳልነግራት ቢቀር ማንም አያውቅም።

ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ነገርኳት።